ሠላሳ አምስት ዋት

ሊየፓያ፣ ጥር ወር፤ የባሕሩ ነፋስ
መስኮቱን ሲጎትት፣ በሩን ሲደባብስ፣
ቪዝማ ከጠረጴዛው አልተነሣችም ገና፤
ከላፕቶፑ ሥር ሁለት ቡሽ አስገብታለችና
አየር እንዲያገኝ ብላ፣ እንዳይታፈን ከታች።
ማክሰኞ «ላዘምን ወይ?» ሲላት፣ «እሺ» ብላ ተኛች።

ሥራዋ መርከብ ነው፤ የሰጠመ መርከብ፤
በድምፅ ሞገድ ተለክቶ፣ ነጥብ ሲጨመር በነጥብ
ከጭቃው ይነሣል ስክሪኗ ላይ ቀስ ብሎ፣
ምሰሶው ተሰብሮ፣ ሆዱ ዛጎል አዝሎ።
ድሮ — ድሮ ስል እንግዲህ ሰኞን ማለቴ ነው —
በአንድ ጣት ገፋ ስታደርገው
እንደ እንዝርት ይሾር ነበር።
ዛሬ ትንሽ ይዞራል። ይቆማል። ያስባል።
ሁለተኛ የሰጠመ ይመስላል።

ሙቀቱን አየችው፦ አርባ ስምንት፤ ለብ ያለ።
ካርዱ አልተቃጠለ፣ አልታፈነ፣ አልዛለ።
ኃይሉን አየችው፦ ሠላሳ አምስት ዋት።
ሰማንያ ይጠጣ የነበረ ምን ነካው በአንድ ሌሊት?
ገመዱ ተሰክቷል፤ ግድግዳው መብራት አለው፤
ማሽኑ ግን በባትሪ ያለ ነው የመሰለው፤
ጎተራው ሞልቶ ሳለ በእፍኝ የሚሰፍር፣
ላልመጣ ክፉ ቀን ጥሬ የሚቆጥር።

አዲሱን ድራይቨር ሽራ የቀድሞውን ሾመች፤
ማሽኑን አጠፋች፣ ቆየች፣ ቀሰቀሰች።
ሠላሳ አምስት።
«ከፍተኛ ብቃት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ተጫነች።
ሠላሳ አምስት።
ቁጠባ የሚል ቃል ያየችበትን ሁሉ ዘጋች።
ሠላሳ አምስት።
«ሲያዘምኑህ አረጀህ» አለችው፤ ወይም በቋንቋዋ
እንዲህ የሚመስል ነገር፤ ጠንከር ይላል ስድቧ።

አባቷ ጉንዳርስ፣ ሠላሳ ዓመት በጎታች ጀልባ
ከናፍጣ ሞተር ጋር ያረጀ፣ በካልሲ ብቻ ገባ።
ስክሪኑን አላየም። ጆሮውን ዝቅ አድርጎ
ማራገቢያውን አዳመጠ፣ የራሱን ትንፋሽ ሸሽጎ።
«ይሄ ሞተር» አለ፣ «አልደከመም።
ታዟል።

በጀልባችን ልጓም ነበር፣ ሁለት የብረት ኳስ፣
ሞተሩ ሲቻኮል ተከፍቶ ነዳጁን የሚቀንስ።
አንዴ ከጥገና ሲወጣ ብሎኑን አጥብቀውት፣
እንጨት የጫነ መርከብ አስረን በማዕበል ፊት፣
ያንጎራጉራል እንጂ ንቅንቅ የለም ከቦታው።
ካፒቴኑ ነዳጁን ሲረግም፣ ብሎኑን ማነው የፈታው?»

ይህን ሲል ሳያስበው ደረቱን ነካ አደረገ።
እዚያም ልጓም አለ፣ ሐኪም ያጠበቀው ብሎን፣
ጠዋት ጠዋት በውኃ የሚወርድ፣ ክብ፣ ነጭ ክኒን።
ደረጃ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያርፋል፤
ይቆማል፤ መደገፊያውን ይዞ ያስባል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ማሽኑ ገና ሳይነቃ፣
ከሁሉም ሥር ካለው ገጽ፣ ከዚያ ሰማያዊ ጨለማ፣
አንዲት መስመር አገኘች፦ «ቻርጀሩ እንግዳ ከሆነ፣ ገድብ።»
የፊተኛውን ውሻ በልቶባት፣ ከሪጋ ገበያ ያመጣችው ነው፤
ከሁለት ዓመት በፊት «እመነው» ብላ ያስተዋወቀችው።
ዝማኔው ያን ቃል ደመሰሰ፤
አዲስ ሕግ ሲታወጅ የድሮ ዋስ ፈረሰ።
ደግማ «እመነው» አለች።
ዋሱ እሷው ሆነች።

ሰማንያ።
ማራገቢያው ጮኸ፤ ብርጭቆዋ ውስጥ ውኃው ተንቀጠቀጠ፤
መርከቡ ሾረ፣ ሾረ፣ ጎኑን ገልጦ ሰጠ፤
ዝገቱ ውስጥ የተጻፈ ነገር፣ ፊደል የመሰለ —
«ቪዝማ!» ከግድግዳው ወዲያ። «ሠራ አይደል?» አለ፤
«እንግዲያስ ዝቅ አድርጊው። ሰው ተኝቷል።»

ሃምሳ አምስት ላይ አቆመችው፤ በገዛ እጇ።
ብሎኑ አሁን የሷ ነው።
ነፋሱ ባሕር ባሕር ይሸታል፤ ትራም አላለፈም ገና።
መርከቡ ሳይቸኩል ዞረ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደሚወጣ ሽማግሌ፣
ቆመም፤ ግን አሁን ስላቆመችው።
ሦስት ፊደል ይነበባል።
አራተኛው ላይ ዛጎል አለ።